ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ሳጥኑን ግን ለሷ ስጪ አሉኝ

ሰላም እትዬ እንደምን አሉልኝ፣ ጽሑፍዎን ሁሌ ነው የማነበው ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ 36 ዓመቴ ነው፣ ትዳር ነበረኝ አልሆነም፣ ልጅም የለኝም፣ አሁን ከእማዬ ጋር ነኝ። አያታችን (እኛ እማማ ነበር የምንላት) ባለፈው ጥር አርፋብናለች። መጨረሻ ላይ አልጋ ላይ ስለዋለች ያስታመምናት እኔና እማዬ ነን፣ ወንድሜና ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ስለሆኑ ለበዓል ለበዓል ነበር ብቅ የሚሉት። እና ልታርፍ ሰሞን የሳጥኗን ቁልፍ ከማተቧ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና "ያዢው" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ሳጥኑ ስትዳር ከመንዝ በበቅሎ ተጭኖላት የመጣ ነው ይባላል፣ ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ ጠርዝ ጠርዙ በብረት የታሰረ፣ ጓጉንቸር ያለው። አባባ (አያታችን) ደርግ በገባ ሰሞን ውሃ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶት ነበር አሁን እየተላጠ ነው፣ አንዱ እግሩ ተበልቷል፣ ሲከፈት ደሞ ያፍናል። ውስጡ የእማማ በርኖስና ዝተት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና ዳዊት፣ በክር የታሰረ የመሬት ግብር ደረሰኝ አለ። ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል አባባ የልጆቹን መወለድ ጽፎበታል፣ ሐምራዊ በሚል እርሳስ ነገር፣ የእማዬ ላይ "ዘመነ ሉቃስ ጥቅምት 12" ይላል ዓመቱ ግን የለም፣ መታወቂያዋ ላይ የልደት ዘመኗ 1953 ነው የሚለው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ትጠብቃለች፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ቲክቶክ ላይ የሆነ ነገር አይታ ሳጥኑን ነጭ ቀለም አስቀብታ ውስጡን በስፖንጅና በጨርቅ አስለብጣ የልጅ ዕቃ ማስቀመጫ ልታደርገው ነው፣ ከመውለዴ በፊት ይድረስልኝ ትላለች። "ለአዲሱ ትውልድ ይሁን፣ አንቺ ጋ ምን ይሠራል" አለችኝ በስልክ። ወንድሜ ደሞ ገዢ አግኝቻለሁ ባይ ነው፣ ሰውዬው ከነውስጡ ከሆነ ጥሩ ብር እሰጣለሁ ብሏል አለ። እማዬ ስትጠየቅ "ቆይ እስቲ" ብቻ ነው። እኔ እውነቱን ልንገርዎት ያቺ "አንቺ ጋ ምን ይሠራል" ያለችው ነገር ከሆዴ አልወጣችም። ልስጣት? ከሰጠኋትስ ሳይበላሽ እንዴት ነው የሚታደሰው?

ባለቁልፏ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህታለም፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር፣ ያስታመመ እጅሽን ይባርክልሽ። ማስታመም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሰው ለቅሶ ደርሶ ሲሄድ አስታማሚዋ ባዶ ክፍል ይዛ ነው የምትቀረው፣ እና አንቺ ገና ከዛ ክፍል ሳትወጪ ነው ስለ ቀለምና ስለ ስፖንጅ ስልክ የሚደወልልሽ፣ ቢከብድሽ አልፈርድብሽም።

ስለ ሳጥኑ ነው የጠየቅሽኝ ግን እስቲ ከቃሏ እንጀምር። እህትሽ "አንቺ ጋ ምን ይሠራል" ስትል ልጅ የለሽም ማለቷ ነው ብለሽ ነው የሰማሽው፣ አይደል? ምናልባት እንደዛ ማለቷ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ደሞ ቤቱ ጠቦሻል፣ ቆሻሻ አቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ ለማለት ነው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደሞ መውለጃዋ ሲቀርብ ቤቷን ካላሟላሁ ብላ ስትቅበጠበጥ ለቃሏ አትጠነቀቅም። እኔ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺም ያወቅሽ አይመስለኝም ምክንያቱም አልጠየቅሻትም። ያቺ ነገር እንደከነከነችሽ ነግረሻት ታውቂያለሽ? ቁልፉንስ እማማ በእጇ እንደሰጠችሽ እሷም ወንድምሽም ያውቃሉ ወይስ ዝም ብሎ አንቺ ጋ የቀረ ነው የሚመስላቸው? ደብዳቤሽ ላይ እሱን ስላላየሁ ነው፣ የማያውቁ ከሆነ ንገሪያቸው፣ ለክርክር አይደለም እንዲያውቁት ብቻ። አንቺስ ራስሽ "ያዢው" ስትልሽ ምን ገባሽ፣ ያንቺ ነው ያለችሽ ነው ወይስ ጠብቂልኝ? ለዚህ መልስ ካንቺ ሌላ ማንም የለውም፣ ብቻ ረጋ ብለሽ አስቢው ምክንያቱም ከዛ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ይቀልሻል።

ሁለተኛው ነገር እማዬ ነች። ሦስታችሁ ልጆች ስትጎታተቱ እሷን እንደ ታዛቢ ነው ያስቀመጥሻት፣ ግን እኮ በሕግም ከሄድን ኑዛዜ ከሌለ የእማማ ወራሾች ልጆቿ ናቸው፣ ማለትም እማዬና በሕይወት ካሉ አክስት አጎቶችሽ፣ እናንተ የልጅ ልጆች ገና ናችሁ። ስለዚህ ወንድምሽም ገዢ ሊያገኝለት እህትሽም ቀለም ልትመርጥለት አይችሉም እሷ እሺ ሳትል፣ አንቺም ብትሆኚ። እና እሷ ደሞ እምቢ አላለችም፣ "ቆይ እስቲ" ነው ያለችው። እስከ መቼ ነው የምንቆየው ብሎ የጠየቃት ሰው አለ? እኔ ስገምት እማማ ጥር ላይ ካረፈች ሙት ዓመቷ ገና ነው፣ የሷ ትውልድ ሰው ሙት ዓመቱ ሳይወጣ የሟች ዕቃ ሲበተን ደስ አይለውም፣ ቀለም ሲቀባማ ተዪው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ቡና አፍሊና ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ጠይቂያት።

ይሄ ከሆነ ደሞ የእህትሽ ችኮላ ብዙ አያስጨንቅም፣ ኅዳር መጨረሻ የሚወለድ ልጅ ሳጥን ምን ያደርግለታል፣ የሚያስፈልገው ጡትና ሙቀት ነው፣ የመጫወቻ ማስቀመጫ የሚፈልገው ድክ ድክ ሲል ነው። ሴት ከሆነች ክርስትናዋ በሰማኒያ ቀኗ ወደ የካቲት ስለሚገባ ሙት ዓመቱም አልፎ ሳጥኑም ታድሶ ይደርሳል፣ ወንድ ከሆነ አርባው ጥር ላይ ስለሚውል አይደርስም፣ ባይደርስ ምን ይሆናል።

የወንድምሽን ገዢ በተመለከተ አንድ ነገር አልወደድኩለትም፣ "ከነውስጡ" የምትለዋን። እግሩ የተበላ ቀለሙ የተላጠ ሳጥን ከነውስጡ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ያለው ዳዊቱ ላይ ነው ባይ ነኝ። የብራና መጽሐፍ እንደ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ በኪስ ብር የሚሸጥ ነገር አይደለም፣ የቅርስ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው፣ ሰውዬው የት እንደሚወስደው ወንድምሽ ያውቃል? ዳዊቱን አውጥታችሁ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት ብራና ይኮማተራል፣ ከዛ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ አማክሩ ወይም የሚያነብላችሁ መሪጌታ ካለ አሳዩት። ግብር ደረሰኞቹንም ማንም አሮጌ ወረቀት ነው ብሎ እንዳይጥላቸው፣ አንድ በአንድ ፎቶ አንሺያቸው።

አሁን ወደ እድሳቱ። መታደስ አለበት ባይ ነኝ እኔ፣ የተከደነ ሳጥን ጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ ነቀዙም ብሉም ይጫወትበታል፣ ሰው የሚከፍተው የሚዘጋው ሳጥን ነው የሚቆየው። ግን ነጭና ስፖንጅ አይሁን፣ በተለይ ስፖንጁ! ስፖንጅ በሙጫ ተለጥፎ በጨርቅ ተለበጠ ማለት የአባባ ጽሑፍ አለቀለት ማለት ነው። እህትሽ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አይታው ታውቃለች? እውነት ለመናገር ብታየው ኖሮ ስፖንጅ የምትል አይመስለኝም።

ጽሑፉን መጀመሪያ አትርፉት። በቀን ብርሃን ክዳኑን ከፍታችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጊና በስልክሽ አንሺው፣ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲሆን የደበዘዘ እርሳስ አይታይም ከጎን ሲመጣ ግን የተጫነበት ሁሉ ይወጣል። ሐምራዊ የሚለው ነገር ኮፒያ እርሳስ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ደሞ ውሃ ከነካው ይሰራጫል፣ ስለዚህ ክዳኑን ከውስጥ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የለም፣ ቫርኒሽ የለም፣ ዘይት የለም፣ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ካነሳ በቂ ነው። የእማዬን ዕድሜ ደሞ እንካ ልንገርሽ፣ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍዪው 1 ከተረፈ ማቴዎስ ነው፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1953 ሲካፈል 1 ነው የሚተርፈው፣ ማቴዎስ ነው፣ ስለዚህ መታወቂያዋ አባባን እያስዋሸው ነው። ሉቃስ የሚሆኑት 1951 እና 1955 ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ከሷ በላይና በታች የተጻፉት ወንድም እህቶቿን ዘመን አይታችሁ ትደርሱበታላችሁ፣ እማዬ ወይ ሁለት ዓመት ትጨምራለች ወይ ሁለት ዓመት ታንሳለች፣ የምትወደውን ትምረጥ (ቀልዴን ነው)።

ቀለሙ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። የዛ ዘመን የዘይት ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ድሮ መጨመሩ የተለመደ ነበር፣ አሁን አገራችን ራሷ ደንብ አውጥታ ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ ገድባዋለች። ይሄ ነገር የሕፃን አእምሮ ላይ ነው የሚሠራው፣ በእናትየው በኩል ወደ ጽንስም ያልፋል፣ ልጅ ደሞ ጥርስ ሲያወጣ ያገኘውን ጠርዝ ሁሉ ነው የሚያኝከው። ስለዚህ እህትሽ ነፍሰ ጡር ሆና ሲፋቅ አጠገቡ አትድረስ፣ አናጢው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን እንዳይፈገፍገው፣ ብናኙ ነው መርዙ። ውጭ፣ ከቤትና ከልጆች ራቅ ብሎ፣ ፕላስቲክ ተነጥፎ፣ እያረጠበ በመፋቂያ ያንሳው፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ከዛ ፍርፋሪውን ጠቅልሎ ያስወግደው እንጂ እሳት ውስጥ እንዳይጨምረው። ውሃው ወደ ክዳኑ ውስጥ እንዳይሄድ ደሞ ክዳኑን ፈትቶ ለብቻ ቢሠራው ይሻላል።

ሰማያዊው ሲነሳ ከሥሩ ምን እንጨት እንደሆነ ታያላችሁ። ጽድ ከሆነ ወዲያው ነው የምታውቂው፣ ቀላ ይላል ስትፍቂው ይሸታል፣ ጽድን ነቀዝም ብዙ አይደፍረውም፣ የተበላው እግር ምናልባት በኋላ የተቀጠለ ሌላ እንጨት ይሆናል። ጽድ ወይም ዋንዛ ከሆነ በምንም ቀለም አትሸፍኑት፣ ያሳዝናል። እህትሽ የግድ ቀለም ካለች ሊድ የለውም የሚል የተጻፈበት ቆርቆሮ ትግዛና ውጩን ብቻ ትቀባ፣ እኔን ብትሰሚኝ ግን ተልባ ዘይት በስሱ ቀብቶ ሲደርቅ በንብ ሰም መወልወል ነው። ተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ በጣም ከበዛ ይጣበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትወረውሩት፣ ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ታፍኖ ሲቀመጥ ራሱ ይግልና ሊነድ ይችላል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ነቀዙ አሁንም አለ ወይስ የድሮ ነው የሚለውን ለማወቅ ጥቁር ፌስታል ከሥሩ አንጥፊና ሁለት ሳምንት ተዪው፣ ትኩስ ዱቄት መሳይ ከወረደ አለ ማለት ነው፣ እግሩ ተቆርጦ በተመሳሳይ እንጨት ይተካ፣ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ይዞ ቢመጣ እምቢ በዪው። ለሽታው ጥላ ሥር ከፍተሽ አናፍሺው፣ የቀትር ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ማታ ማታ ያልነደደ ከሰል በሳህን ውስጡ አስቀምጪ እሱ ይስባል፣ ሻጋታ ካየሽ ወለሉንና ጎኑን በቀጠነ አቼቶ ጠርገሽ አድርቂ። ጥጋ ጥጉ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ግን አትጥረጊው አታራግፊው፣ ድሮ ለቁንጫ ለትኋን እየተባለ ዲዲቲ የሚበተንበት ቤት ነበር፣ ጓንት አድርገሽ በእርጥብ ጨርቅ አንስተሽ ጣዪው። ናፍታሊንም አታድርጉበት የሕፃን ልብስ የሚቀመጥበት ከሆነ፣ አንዳንድ ጨቅላ ላይ ደም ያበላሻል፣ እማማ ምን ታደርግ ነበር? አሪቲ ነዋ፣ አሪቲ አድርጉበት። ወለሉ ላይ የታጠበ አቡጀዲ አንጥፋችሁ ልብሱ ከሱ በላይ ይሁን። በርኖሱና ዝተቱ ሱፍ ስለሆነ ብል ይወደዋል፣ ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው ካለ በፌስታል አሽጋችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት ብሉንም እንቁላሉንም ይገድለዋል፣ ከዛ አናፍሳችሁ እጠፉት። እና እባክሽ በርኖሱ ካንቺ ጋ ይቅር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ማን ያውቅልሻል።

ጓጉንቸሩን በተመለከተ እህትሽ እንደ ጌጥ ትወደው ይሆናል፣ ይኑር፣ ግን መያዣው ክዳኑ ሲወድቅ በራሱ የሚቆልፍ እንዳይሆን። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ገብተው ተቆልፎባቸው አየር አጥረው የሞቱበት አገር አለ። ከኋላው በኩል የማይታይ ቦታ የአየር ቀዳዳ ይበሳለት፣ ክዳኑ ባለበት የሚያቆም ብረት በሁለቱም ጎን ይደረግለት፣ እንደዛ ያለ የእንጨት ክዳን የሕፃን ጣት ላይ ሲወርድ አስቢው።

አባባ የጻፈው የራሱን ልጆች ብቻ ነው፣ አይደል? እናንተ ሦስታችሁ የላችሁበትም። ክዳኑ ላይ አዲስ ነገር መጻፍ አልመክርም፣ ግን ጥሩ ወረቀት ላይ የአባባን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠሽ ከሥሩ የልጅ ልጆቹን በየተወለዳችሁበት ዘመነ ወንጌላዊ ብትጽፊ፣ አንቺም ታላቅ ከሆንሽ አንደኛ ላይ፣ ከዛ ቦታ ትተሽ፣ ሳጥኑ ሲሄድ እሱ አብሮ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ቁልፉ ግን አንቺ ጋ ይቆይ፣ ሲፈልጉ አናጢ ሌላ ቁልፍ ይሠራላቸዋል። ልስጣት ወይ ላልሽኝ መልሴ በእማዬ ፈቃድ፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ፣ አዎ ነው፣ ያውም "በውሰት" ብትዪ ማንም አይከለክልሽም፣ አንድ ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ይመለስ ብትዪ መብትሽ ነው። ልብሽ ጨርሶ እምቢ ካለሽም ለልጁ ትንሽ አዲስ ሳጥን እዛው ደብረ ብርሃን አናጢ ጋ ማሠራት አለ፣ የአክስት ስጦታ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ለእህትሽ ከመደወልሽ በፊት የክዳኑን ፎቶ ላኪላትና ትንሽ ጠብቂ፣ አይታ ራሷ ትደውል ይሆናል። ካልደወለች አንቺ ደውዪና ሳታዞሪ "ሳጥኑ ይመጣልሻል ግን እማዬ እሺ ስትል፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው፣ ስፖንጅ አይለበጥም፣ ደሞ ያን ቀን አንቺ ጋ ምን ይሠራል ያልሽኝ ከፍቶኛል" በያት። ወንድምሽንም ዳዊቱን ማን እንደሚፈልገው ስሙን ይንገርሽ። አናጢው ጋ ስትሄዱ ደሞ ሙሉ ክፍያ አትስጡት፣ ቀብድ ብቻ፣ የቀረውን ክዳኑ ተመልሶ ሲገጠም አይታችሁ።